በአንድ ጋሪ መጥተው በተለያየ ስም የሚጠሩ፦ ቻድ ያስጠለለቻቸው ሰዎች ጉዳይ

ከሱዳኗ ኤል ጀኒና ከተማ እስከ ቻዷ አድሬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ዘመን ነጋዴ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባበት፣ ዘመድ ለሠርግና ለለቅሶ የሚመላለስበት መንገድ ነበር። በጁን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግን ከኤል ጀኒና የሚሸሽ ሕዝብ ሞላበት። የማሳሊት ብሔረሰብ ወንዶችና ወንድ ልጆች ከሸሺው መካከል እየተለዩ መንገድ ላይ ተገደሉ። በዚያ ወር አጋማሽ በአድሬ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሦስት ቀን ብቻ ከ800 በላይ ቁስለኞችን ተቀበሉ። ከዚያ በፊት 40,000 ገደማ ነዋሪ የነበራት አድሬ፣ ወራት ሳይቆጠሩ ከነዋሪዎቿ እጅግ የሚበልጥ እንግዳ ዙሪያዋን ሰፈረባት።

ዜናው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ሰው ከሞት አምልጦ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ያለው ግን እምብዛም አይብራራም። ማን ይባላል? ማን ይመዘግበዋል? ማን ያበላዋል? እስከ መቼ? ቻድ ውስጥ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አንድ አይደለም። ከአንድ ጋሪ የወረዱ ሰዎች እንኳ የተለያየ መልስ ያገኛሉ። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ችግር ብዙው የሚመነጨው ከዚህ አከፋፈል ነው ብዬ ስለማምን ከዚሁ እጀምራለሁ።

ሁለት ቤተሰቦች

ሁለት ቤተሰቦችን እናስብ። የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ካለፉበት የተቀዳ ምሳሌ ነው። ሁለቱም ኤል ጀኒና ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ እንበል። አንደኛዋ ሱዳናዊት ማሳሊት ናት፤ ባሏ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ አራት ልጆች ይዛለች። የሁለተኛው ቤተሰብ አባወራ ግን በትውልዱ ቻዳዊ ነው። ወላጆቹ ኤል ጀኒና ወደምትገኝበት የምዕራብ ሱዳን ምድር፣ ወደ ዳርፉር፣ የተሻገሩት በ1984ቱ ድርቅ ነው። እኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ እያልን የምናስታውሰው ያ የዝናብ መጥፋት ቻድንም አራቁቷት ነበር፤ ብዙ ቻዳውያን እህልና ሥራ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። የእኛ ሰው ያኔ ሕፃን ነበር። እዚያው አደገ፣ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ።

ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ የአህያ ጋሪ ተጋርተው ድንበሩን ተሻገሩ። ምዝገባው ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። ሴትየዋ “ስደተኛ” ተብላ ትመዘገባለች። የሚመዘግቧት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽንና የቻድ መንግሥት የስደተኞችና የተመላሾች ጉዳይ ኮሚሽን ናቸው። በስሟ የቤተሰብ መታወቂያ ይወጣል። ሸራው፣ ብርድ ልብሱ፣ ጀሪካኑ፣ ራሽኑ የሚመጣው በዚያ ወረቀት ነው። ተራዋ ሲደርስ በጭነት መኪና ከድንበሩ ራቅ ወዳለ መጠለያ ትወሰዳለች።

አባወራው ግን የገባው ወደ ገዛ አገሩ ነው። በገዛ አገሩ ስደተኛ የሚሆን ሰው የለም፤ ስለዚህ “ተመላሽ” ይባላል። እሱን የሚከታተለው ሌላ ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ነው። የሚሰፍረውም እንደ ቶንጎሪ ባሉ ለተመላሾች በተለዩ ቦታዎች ነው። ለተመላሽ የሚለመነው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚገኘው ደግሞ ከሚለመነውም ያነሰ ነው። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ “ይህ ሰው አገሩ ገብቷል” የሚል እሳቤ አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ሰው ቻድ ውስጥ ቤት የለውም፤ የሚያርሰው መሬት የለውም፤ በአባቱ መንደር ስሙን የሚያውቅ ሽማግሌ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ብዙ ተመላሾች ቻዳዊ መሆናቸውን የሚያስረዳ አንዳች ወረቀት በእጃቸው የለም። ሚስቱ ሱዳናዊት ከሆነች ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስም ይገባል፤ ልጆቹ በየትኛው እንደሚመዘገቡ ግራ ያጋባል። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ በዚህ ሁኔታ ከሱዳን የተመለሱት ቻዳውያን ከ200,000 በላይ ናቸው።

ሦስተኛ ስምም አለ፦ የአገር ውስጥ ተፈናቃይ። ድንበር ሳይሻገር ከቀዬው የተነቀለ ሰው ማለት ነው። አራተኛው፣ እነዚህ ሁሉ መጥተው የሰፈሩበት መንደር ነዋሪ ነው። በጽሕፈት ቤት ቋንቋ “ተቀባይ ማኅበረሰብ” ይባላል፤ ካርድ ግን የለውም።

አከፋፈሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስደተኛ ማለት የራሱ መንግሥት ሊጠብቀው ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው ነው፤ ሌላ አገር በሕግ ከለላ ካልሰጠው ማንም የለውም። ዜጋን የመጠበቅ ግዴታ ደግሞ የራሱ መንግሥት ነው። በመርሕ ደረጃ ይህ ትክክል ነው። የሚፈርሰው ግን ያ መንግሥት ራሱ በዓለም እጅግ ድሆች ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ የዜግነት መብቱ ለአባወራው ልጆች አንድ ጀሪካን ውኃ እንኳ ሳያመጣ ሲቀር ነው።

ድንበሩ ከሕዝቡ በኋላ መጣ

ቻድ በቆዳ ስፋቷ ከኢትዮጵያ ትንሽ ትበልጣለች፤ ሕዝቧ ግን 20 ሚሊዮን ገደማ ነው። ባሕር በር የላትም። ሰሜኗ በረሃ ነው። ይህች አገር በ2025 መጨረሻ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የሱዳን ስደተኞችን አስጠልላ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ850,000 የሚበልጡት የመጡት ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ነው። ለምን በሯን ከፈተች ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካርታውን ከታሪኩ ጋር አስተያይቶ ማየት አለበት።

ማሳሊቶች በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ አንድ ሕዝብ ናቸው። የራሳቸው ሱልጣኔት፣ ዳር ማሳሊት፣ ነበራቸው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 ተስማምተው ድንበሩን ሲያሰምሩ፣ መስመሩ በዘመድ መካከል አለፈ። ወደ ሰሜን ሲወጡ ደግሞ ዛጋዋዎችም እንዲሁ በሁለቱም አገር አሉ፤ የቲኔ ከተማ አንድ ደረቅ ወንዝ ከሁለት ከፍሏት ግማሿ ቻድ፣ ግማሿ ሱዳን ሆናለች። ሞያሌን የሚያውቅ፣ ወይም የጋምቤላን ኑዌርና አኙዋ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም። ከጦርነት የሸሸው ሰው የተሻገረው ወደ ባዕድ አገር ሳይሆን ወደ አጎቱ ልጅ መንደር ነው።

የስደት ጉዞውም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አልነበረም። በ1980ዎቹ ቻድ ውስጥ ጦርነትና ድርቅ ሲፈራረቁ ሸሺው ቻዳዊው ነበር፤ አስጠላዩ ዳርፉር ነበር። በኋላ የቻድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኢድሪስ ዴቢ ጦራቸውን አደራጅተው በዲሴምበር 1990 ዋና ከተማዋን ንጃሜናን የያዙትም ከዳርፉር ተነሥተው ነው። ስለዚህ በ2003 የዳርፉር ጦርነት ሲፈነዳ በምሥራቅ ቻድ መንደሮች ውስጥ የተላቀቀው እህል የቆየ ብድር መመለሻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ያኔ በድንበሩ መስመር 12 መጠለያዎች ተቋቋሙ፤ ፋርቻና፣ ብሬጂንግ፣ ጎዝ አሜር፣ ኢሪዲሚ፣ ኡሬ ካሶኒ ከእነዚያ መካከል ናቸው። ሲቋቋሙ ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ሃያ ዓመት ሳይዘጉ ቆዩ። የ2023ቱ ጦርነት ሲጀመር 400,000 ያህል ሱዳናውያን አስቀድመው ቻድ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ አዲሱ ስደተኛ በአሮጌው ላይ ተደረበ። በመካከሉ ያለውንም መዘንጋት አይገባም። ከ2005 ጀምሮ ቻድና ሱዳን አንዱ የሌላውን አማፂ እየደገፉ ተጠዛጠዙ፤ በፌብሩዋሪ 2008 አማፂዎች ንጃሜና ድረስ ዘልቀው ገቡ። በእነዚያ ዓመታት በምሥራቅ ቻድ ከ150,000 በላይ ቻዳውያን ራሳቸው ተፈናቅለው ከሱዳን ስደተኞች ጎን ሰፍረዋል። መንግሥታቱ የታረቁት በ2010 ነው።

ከዚያ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 መጣ። የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካርቱም ላይ ተታኮሱ፤ እሳቱ ዳርፉርን በቀናት ውስጥ ደረሰው። የመጀመሪያው ማዕበል በአድሬ በኩል ገባ። የሰሜን ዳርፉሯ ከተማ ኤል ፋሸር ከዓመት በላይ ተከብባ ቆይታ በኦክቶበር 26 ቀን 2025 በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ ደግሞ የሸሺው መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቲኔና ወደ ዋዲ ፊራ ክፍለ ሀገር ዞረ። ከሚሻገሩት አሥር ሰዎች ዘጠኝ ያህሉ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ወንዶቹ የት ቀሩ የሚለውን የኤል ጀኒና መንገድ መልሶታል።

አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው

ከአድሬ የሚገባው ሰው ሁሉ እንዴት በአንድ ጊዜ ስደተኛ ተብሎ ይመዘገባል? በ1951 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስደተኛን የሚተረጉመው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ምክንያት አሳዳጅ የሚፈራ ሰው ብሎ ነው። በዚያ ብቻ ቢኬድ እያንዳንዷን እናት አስቀምጦ “አንቺን በተለይ ማን አሳደደሽ?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። በቀን ሺዎች በሚገቡበት ኬላ ይህ የማይታሰብ ነው።

መፍትሔው የተገኘው አፍሪካ ውስጥ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን የስደተኞች ስምምነት ፈረሙ። ትርጉሙን አሰፉት፦ በውጭ ወረራ፣ በባዕድ አገዛዝ ወይም የሕዝብን ሰላም ክፉኛ በሚያናጋ ሁኔታ ምክንያት አገሩን ጥሎ የወጣ ሰውም ስደተኛ ነው። ከተማው እየተቃጠለ ከሆነ ከዚያ መምጣቱ ብቻ ይበቃል። ቻድ ሱዳናውያንን ዛሬ የምትቀበለው በዚህ የቡድን ዕውቅና ነው። ኢትዮጵያም በመተማና በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሸሹትን ስትቀበል የዚያው ስምምነት አባል ሆና ነው። በበኩሌ አፍሪካ ለዓለም ሕግ ካበረከተቻቸው ነገሮች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው እላለሁ።

ስምምነቱ ሁለት ሌሎች አንቀጾችም አሉት፤ ሁለቱም ቻድ ውስጥ በዓይን ይታያሉ። አንደኛው ጥገኝነት መስጠት ሰብአዊና ሰላማዊ ተግባር ነው፣ የትኛውም አገር እንደ ጠላትነት ሊቆጥረው አይገባም ይላል። ሁለተኛው ስደተኛ ለደኅንነቱ ሲባል በተቻለ መጠን ከድንበሩ ራቅ ብሎ እንዲሰፍር ያዝዛል። ሴትየዋ ከአድሬ በመኪና ወደ መጠለያ የምትወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። ከ2023 በኋላ እንደ ኡራንግ፣ ሜቼ እና አቡተንጌ ያሉ አዲስ መጠለያዎች የተከፈቱትም ለዚሁ ነው።

ነገር ግን ከ200,000 በላይ ሰዎች አድሬ ላይ፣ መሸጋገሪያ በተባለው ቦታ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። መጠለያው በበቂ ፍጥነት አለመሠራቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የራሳቸው ምርጫ ነው። አድሬ ገበያ አለ፤ የቀን ሥራ ይገኛል፤ ከኤል ጀኒና የሚመጣ ወሬ ትኩሱን ይደርሳል። ባሏ መንገድ ላይ የጠፋባት ሴት “ዛሬ ይመጣ ይሆን” እያለች በር በሩን ታያለች። እሷን ወደ ውስጥ ለመውሰድ የሚያስፈልገው መኪና ብቻ አይደለም።

ቻድ የራሷን የጥገኝነት ሕግ ያወጣችው በዲሴምበር 2020 ነው። ሕጉ ስደተኛ እንዲንቀሳቀስ፣ እንዲሠራ፣ እንዲማር፣ እንዲታከም፣ ፍርድ ቤት እንዲቆም ይፈቅዳል። በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው፤ ብዙ ሀብታም አገሮች የዚህን ያህል አይፈቅዱም። የሥራ ፈቃድ ግን ሥራ አይፈጥርም፤ ሥራ በሌለበት አገር መሥራት ተፈቀደልህ ማለት ግማሽ ስጦታ ነው።

ጀሪካን፣ ማገዶ፣ ወፍጮ

ከሕጉ ወደ መሬቱ ስንወርድ መጀመሪያ የምናገኘው ጀሪካን ነው። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ለሰብአዊ እርዳታ የወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለመታጠቢያ፣ ለሁሉም። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን አራት ጀሪካን ገደማ ማግኘት አለበት ማለት ነው። በምሥራቅ ቻድ ብዙ ሰፈሮች ከዚህ ግማሹን እንኳ ያላገኙበት ጊዜ ረጅም ነው።

ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። አድሬ ያለችበት የዋዳይ ምድር ከሥሩ ጠንካራ አለት ነው። ውኃ የሚገኘው በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ወይም በደረቁ ወንዝ አሸዋ ሥር ነው። ተቆፍሮ ደረቅ የሚወጣ ጉድጓድ ብዙ ነው። ስለዚህ ለመጠለያ የሚሆን ቦታ ሲመረጥ ክርክሩ ሁሉ ውኃ ላይ ይሆናል፤ ውኃ ያለበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ መንደር አለበት። ጉድጓድ እስኪገኝ በቦቴ ይመላለሳል። ቦቴው ነዳጅ ይፈልጋል፤ ነዳጁ ገንዘብ ይፈልጋል።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ፣ ከዚያ በፊት አሸዋ ሆነው የከረሙት ዋዲ የሚባሉት ደረቅ ወንዞች በአንድ ሌሊት ይሞላሉ። የጭነት መኪና ሳምንት ሊቆም ይችላል። እህሉ ክረምቱ ሳይገባ አስቀድሞ መጠለያው ደርሶ መከማቸት አለበት። ለጋሽ አገሮች ገንዘቡን ሁለት ወር አዘግይተው ቢሰጡ በሒሳብ መዝገብ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፤ ዋዲው ማዶ ግን ያቺ ሁለት ወር አንድ ሙሉ ክረምት ናት። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት በጎደለበት ዝናብ ሲጨመር በሽታው ይከተላል፤ በ2024 ሄፓታይተስ ኢ፣ በ2025 ኮሌራ በእነዚህ ሰፈሮች ተነሥተዋል።

ማገዶው የሴቶች ፈተና ነው። በመጠለያው ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦ በመጀመሪያው ዓመት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሴቶችና ልጃገረዶች በየቀኑ ሩቅ እየሄዱ ይለቅማሉ። ያ እንጨት ግን የአካባቢው ገበሬ ዛፍ ነው። ጠቡ የሚጀመረው እዚያ ነው፤ ድብደባና መደፈርም የሚደርሰው በብዛት እዚያው፣ ከሰው ዓይን ርቀው ሳሉ ነው። ዳርፉር ላይ ከዚህ ያመለጠች ሴት ለአንድ እስር ጭራሮ ብላ እንደገና ለዚያው አደጋ መጋለጧ ይህን ስጽፍ ልቤን የሚያደማ ነገር ነው።

ራሽኑን በተመለከተ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ ይሰላል። በ2014 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ሲያጣ በቻድ ያለውን ራሽን እስከ 60 በመቶ ቀነሰ፤ ለአንድ ሰው የደረሰው 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነበር። ያ የሆነው የዓለም ዓይን ከዳርፉር ላይ በተነሣበት ጊዜ ነው። በ2025 ደግሞ ትልቋ ለጋሽ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስትቆርጥ የሱዳን ስደተኛው ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጎ ነበር።

ከዚህም ላይ ወፍጮ አለ። የሚታደለው እህል ያልተፈጨ ማሽላ ሲሆን ወፍጮ ቤቱ ክፍያ ይጠይቃል፤ ገንዘብ የሌላት እናት የምትከፍለው ከእህሉ ቀንሳ ነው። ሳሙና፣ ጨው፣ የልጅ ደብተር የሚገዛውም ከዚያው ከራሽኑ ተሸጦ ነው። “ራሽናቸውን ይሸጣሉ” ተብሎ ስደተኞች ሲታሙ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰው በማሽላ ብቻ አይኖርም፤ ሌላ የሚሸጠው ከሌለው ምን ይሽጥ?

እንግዳው ሲሰነብት

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይባላል። በ2023 የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርዳታ ድርጅቶች ሳይደርሱ ስደተኛውን ያበላው የአድሬና የአካባቢው መንደር ሕዝብ ነው፤ ከሚያበላው ውስጥ ብዙው ራሱ ዓመቱን በእህል እጥረት የሚያልፍ ነበር። ይህ ሕዝብ ለሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ወርቅ እንዲሆን መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ሒሳቡ የተደበላለቀ ነው። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ይወርዳል፤ በርካሽ የሚሠራ ብዙ ሰው መጥቷልና። የማገዶና የቤት ኪራይ ዋጋ ይንራል። በሌላ በኩል ገበያው ይደራል፤ አትክልት የሚያበቅል፣ ፍየል የሚሸጥ፣ የአህያ ጋሪ ያለው ሰው ይጠቀማል። ለስደተኛ የተሠራ ጤና ጣቢያ ነዋሪውንም ያክማል። ገበሬው መሬቱን ለስደተኛ ቤተሰብ በእኩል ሰጥቶ ምርት የሚካፈልበትም አለ፤ መሬቱን የሚፈቅዱት የመንደርና የካንቶን አለቆች ናቸው፤ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ የቃል ነው። ማሳው ሲለማ ባለመሬቱ ሐሳቡን ቢለውጥ ስደተኛዋ የምትከራከርበት ወረቀት የላትም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ጥሩ አስተሳሰብ እየሰፋ መጥቷል፦ ገንዘቡን ለካርድ ያዡ ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው በሙሉ ማዋል። የዓለም ባንክ ከ2018 ጀምሮ ቻድ ውስጥ የደገፈው ፕሮጀክት ስደተኞችንና ነዋሪዎችን በአንድነት የሚያይ ነው። እኔም የማምነው በዚህ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ስደተኛዋም፣ ተመላሹም፣ የመንደሩ ገበሬም ከአንድ ቧንቧ ይቅዱ። ወረፋው ላይ ማን ምን እንደሚባል መጠየቅ ሲቀር ጠቡም ይበርዳል።

ሐይቁና ደቡቡ

ስለ ቻድ ሲወራ ምሥራቁ ብቻ ይነሣል። በምዕራብ ግን የቻድ ሐይቅ አለ። በጃንዋሪ 2015 ቦኮ ሐራም የናይጄሪያዋን ባጋ ሲያወድም ሺዎች በጀልባ ወደ ቻድ ደሴቶች ተሻገሩ፤ ባጋ ሶላ አጠገብ ዳር ኤስ ሰላም የተባለ መጠለያ ተከፈተላቸው። በቀጣዩ ወር፣ በፌብሩዋሪ፣ ቦኮ ሐራም የሐይቁን ዳር መንደር ንጉቡዋን በማጥቃት ቻድ ውስጥም ገባ። ከዚያ መንግሥት የደሴቶቹን ነዋሪዎች ወደ ዳርቻው እንዲወጡ አዘዘ። የእነዚህ ሰዎች ሕይወት ዓሣ፣ ደለል መሬትና ኩሪ የሚባሉት ቀንደ ትልልቅ ከብቶች ነበሩ። ኩሪ ዋናተኛ ከብት ነው፤ ከደሴት ደሴት በውኃ ላይ እየዋኘ ይግጣል። ባለቤቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ሲሰፍር ከብቱም ሙያውም ከንቱ ቀረ። በሐይቁ ክፍለ ሀገር ያሉት ተፈናቃዮች ከ200,000 በላይ ናቸው፤ ድንበር ስላልተሻገሩ ብቻ ስማቸው እምብዛም አይሰማም።

በደቡብ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሸሹ ከ100,000 በላይ ስደተኞች በጎሬና በማሮ አካባቢ አሉ። ምድሩ ለምለም ስለሆነ ማረስ ችለዋል፤ ኑሯቸው ከምሥራቁ ይሻላል። በ2013 እና በ2014 ከዚያችው አገር በአውሮፕላንና በመኪና የወጡት ቻዳውያን ግን የአባወራችን ወንድሞች ናቸው። ብዙዎቹ በዚያች አገር የተወለዱ የሦስተኛ ትውልድ ልጆች ነበሩ። ንጃሜና አጠገብ ጋውዊ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ሸራ ተተከለላቸው፤ ዓመታት ካለፉም በኋላ እዚያው ነበሩ።

መመለስስ?

“ሰላም ሲሆን ይመለሳሉ” የሚለው መልስ አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ2017 ቻድ፣ ሱዳንና የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽኑ የሦስትዮሽ ስምምነት ተፈራርመው በፈቃድ መመለስ ተጀመረ። የተመለሱት ጥቂት ሺዎች ብቻ ናቸው። የቀሩት የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፦ እርሻችንን ማን ያዘው? መንደራችን ውስጥ መሣሪያ የያዘው ማን ነው? መልስ አልተገኘም። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ፣ እንደገናም በጃንዋሪ 2021 ኤል ጀኒና ውስጥ የተፈናቃዮች ሰፈር ሲጠቃ ሺዎች ተመልሰው ወደ ቻድ ተሻገሩ። ያልተመለሱት ትክክል ነበሩ።

ይህን አስቀድሞ የተረዳ የሚመስል አንድ ውሳኔ የተወሰነው በትምህርት ላይ ነው። እስከ 2014 ድረስ በመጠለያዎቹ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በሱዳን ሥርዓተ ትምህርት ነበር። ልጆቹ ነገ አገራቸው ይገባሉ፣ ፈተናቸውም የሱዳን ይሁን የሚል ተስፋ ነበረበት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ወደ ቻድ ሥርዓተ ትምህርት ተዛወረ። ብዙ ወላጆች አዘኑ፤ የልጆቻቸው ደብተር ሲለወጥ አገራቸው የራቀ መሰላቸው። ሐዘናቸው ይገባኛል። ውሳኔው ግን የቻድን ብሔራዊ ፈተና የመውሰድ፣ መንግሥት የሚያውቀው ምስክር ወረቀት የመያዝ፣ በመምህርነት የመሠልጠን በር ከፈተ።

በ2004 በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ፋርቻና የገቡ ሕፃናት ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ከእነሱ ውስጥ በ2023 ከኤል ጀኒና ለመጡ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩ አሉ። ክፍሉ ሸራ ነው፤ አንድ ክፍል ከመቶ በላይ ልጅ ይይዛል። መምህሩ ልጆቹን በማሳሊትኛ ያባብላል፤ የሚያስተምርበት መጽሐፍ የቻድ ነው።